ልክክ ለልጁ መኪና ሲገዛ

በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ጋራዡ ውስጥ ያለን ሁሉ ልክክ እንለዋለን፤ ሚስቱ እንኳ ስትናደድበት ልክክ ትለዋለች። ሥራው የመኪና ዲኮር ነው፤ ወንበር ያለብሳል፣ ጣሪያ ይለጥፋል፣ የተላጠ መሪ በቆዳ ይሸፍናል። አንዱን ሥራ ሲጨርስ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይልና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያየዋል። ከዚያ «ልክክ!» ይላል። በቃ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስሠራ ስለ ሥራው ከዚህ የረዘመ ነገር ሲናገር አልሰማሁም፤ ስለ ራሱ ግን ሲያወራ ቢውል አይደክመውም።

እኔ የመኪና ኤሌክትሪሻን ነኝ። የሱንና የኔን ክፍል የሚለያቸው አንድ ቆርቆሮ ነው፤ እሱም ቢሆን ከወገቡ በላይ ተበሳስቷል። ስለዚህ የምነግራችሁ በጆሮዬ የሰማሁትን፣ በዓይኔ ያየሁትን ነው። ምነው ባላየሁት የምለውም አለበት።

እውነቱን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ እጁ ወርቅ ነው። እንዲህ ያለ እጅ ለእንዲህ ያለ ሰው መሰጠቱ ይገርመኛል። ቆዳ ወጥሮ ሲሰፋ ስፌቱ በማስመሪያ የተሠመረ ይመስላል። ጫፍ ላይ ሲደርስ ክሩን ዝም ብሎ አይቆርጥም፤ ሦስት ጊዜ መልሶ ወግቶ ነው የሚቋጨው። ሌላው ዲኮር ሠራተኛ አንዴ ይመልሳል፤ ሰነፉ ደግሞ በክብሪት አቅልጦ ይተወዋል። ሦስት ጊዜ የሚመልስ እሱ ብቻ ነው። በነዚህ ሦስት ስፌቶች የሚኮራውን ያህል ሌላው ሰው በሦስት ልጆቹ አይኮራም።

ሙያውን የጀመረው በአሥራ ሰባት ዓመቱ ፍራሽ ቤት ተቀጥሮ ነው። የተበላሸው እዚያ ይመስለኛል። አሠሪው ከላይ አበባ አበባ ያለበት ጨርቅ ያለብስና ውስጡን በቡትቶ፣ በስፖንጅ ቁርጥራጭ፣ አንዳንዴም በጋዜጣ ያስጠቀጥቀው ነበር። ገዢው ይመጣል፣ አበባውን ይዳብሳል፣ በመዳፉ አንዴ ጫን አድርጎ «ጥሩ ነው» ይልና አሸክሞ ይሄዳል። ልክክ ይሄን የሚተርክልን እንደ ትልቅ ጥበብ ነው። «ሰው የሚገዛው ልባሱን ነው» ይለናል፣ ምራቁን የዋጠ ሽማግሌ ይመስል። ያን ፍራሽ ገዝቶ ወገቡን ስላመመው ሰው አንድም ቀን አስቦ አያውቅም።

ጋራዣችን የተጋጨ መኪና ይገባበታል፤ የሚወጣው ግን ያልተጋጨ መኪና ነው። ባትላሜራው የተጨማደደውን ቀጥቅጦ ያቀናል፤ ቀለም ቀቢው ይቀባል። ከዚያ ወደኛ ይመጣል። ለማያውቅ ላስረዳ፤ ዘመናዊ መኪና ሲጋጭ ከመሪው ውስጥና ከፊት ተሳፋሪው ፊት ለፊት ካለው ዳሽቦርድ ውስጥ ቦርሳ ፈንድቶ ይወጣና ሰውየውን ደረቱ ሳይደቅ፣ ግንባሩ ሳይፈነከት ይቀበለዋል። ኤርባግ የሚባለው ይሄ ነው። አንዴ ከፈነዳ ግን አልቆለታል፤ አዲስ መግዛት ያስፈልጋል፣ አዲሱ ደግሞ ውድ ነው። የመኪናው ባለቤት መኪናዋን ሊሸጣት እንጂ ሊነዳት ስለማያስብ «እስቲ በሆነ መንገድ አስተካክሉት» ይለናል።

የሆነው መንገድ እኛ ነን። ልክክ የፈነዳውን ቦርሳ በቢላ ቆርጦ ይጥለዋል፤ ባዶውን በስፖንጅና በካርቶን ይሞላና ከላይ ቆዳ ወጥሮ ይሰፋዋል። መሪውንም እንደዚያው። ከዚያ ወደኔ ይመጣል። ኤርባግ የሌላት መኪና ሞተር ሲነሳ ዳሽቦርዷ ላይ ቀይ መብራት በርቶ አይጠፋም፤ ባለቤቷን እያስጠነቀቀች ነው። እኔ በአንዲት ቁራጭ ሽቦና ከሽንብራ በምታንስ ዕቃ አፏን አዘጋታለሁ። መብራቷ እንደ ጤነኛ መኪና ለጥቂት ሰከንድ ትበራና ትጠፋለች። ይህን ሥራ ማስተካከል ነው የምንለው። ከሌባ የሚለየን ነገር ቢኖር ደረሰኝ መስጠታችን ነው።

እንዲህ ስንኖር የልክክ አንድ ልጅ ትምህርቷን ጨርሳ አዋላጅ ነርስ ሆነች። ለዚች ልጅ ያለው ፍቅር የውሸት አይደለም፤ እሱን አልክድም። የተመደበችው ከከተማው አርባ ኪሎሜትር ርቆ በከባድ መኪኖች መንገድ ዳር ባለ ጤና ጣቢያ ነው። ሚኒባሱ እስኪሞላ ሰዓት ይቆማል፤ ሲሞላ ደግሞ እንደ ሸክላ ዕቃ ተደራርበው ነው የሚሄዱት። አንድ ቀን በሩ በገመድ በታሰረ ሚኒባስ መጣች። ልክክ ያን ሲያይ ፊቱ ገረጣ። «መኪና እገዛላታለሁ» አለ። ለካ ሲያጠራቅም ኖሯል። እኔም የዚያን ቀን ከልቤ አከበርኩት፤ አክብሮቴ የቆየው ግን ሦስት ሳምንት ብቻ ነው።

ምክሩ ጋራዡን ሞላው። ልክክ ያላማከረው ሰው የለም። ነዳጅ ትጠጣለች ወይ? ዕቃዋ ገበያ ላይ ይገኛል ወይ? መልሰው ሲሸጧት ታወጣለች ወይ? ባትላሜራው ሽንጡን ገትሮ ስለ ሻሲ ይከራከራል፣ ቀለም ቀቢው ነጭ ቶሎ ያድፋል ይላል። የሚስቱ ወንድም መኪና ነድቶ አያውቅም፤ እሱ ራሱ ስለ ማርሽ አስተያየት ሰጠ። ሲጋጩባት ምን ትሆናለች ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። የተጋጨ መኪና ስንጠግን የምንውል ሰዎች ነን እኮ!

የጠየቀችው ልጅቷ ናት። አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስትመለስ ወደ ጋራዡ ብቅ አለችና አባቷን እንዲህ አለችው፤

«አባዬ፣ መልኳ ግድ የለኝም። ጭቃ የመሰለች ብትሆን ግድ የለኝም። ኤርባግ ብቻ ይኑራት።»

«ምን አሳሰበሽ እናቴ?»

«መንገዱ የሚያመጣብንን አይቼ ነዋ። እኔ የተማርኩት ሕፃን ለማዋለድ ነው፤ አደጋ ሲመጣ ግን ሁላችንም ነን የምንጠራው። ባለፈው ሳምንት መሪ ደረቱን ያደቀቀው ሰው እጁን ይዤለት ነው የሞተው።»

«ሁለት ኤርባግ ያላትን ነው የምገዛልሽ» አለ ልክክ፣ ደረቱን መታ እያደረገ። «አንድ ላንቺ፣ አንድ አጠገብሽ ለሚቀመጠው።»

ቆርቆሮው አጠገብ ቆሜ ይሄን ሁሉ ሰምቻለሁ።

መጀመሪያ ያየናት መኪና የአንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ነበረች። ትንሽ ናት፣ ቀለሟ የደበዘዘ ቢጫ ነው፣ ተጋጭታ አታውቅም። በመመርመሪያ መሣሪያዬ አየኋት፤ ሁለቱም ኤርባጎች በቦታቸው አሉ። ሴትየዋ ዋጋውን ቁርጥ አድርገው ተናገሩ። ልክክ ካሰበው ይበልጣል፤ የሚበልጠውም ልክክ ከዓመት በፊት ጀምሮ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ የሚያያትን ባለ ሁለት መርፌ የስፌት ማሽን መግዣ ያህል ነው። ማሽኗን ለዓመት ቢያቆያት መኪናዋን መግዛት ይችላል። ይሄን ሁለታችንም እናውቃለን።

ልክክ ግን ስለ ማሽኗ ትንፍሽ አላለም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ የተቀደደውን ጥግ በጣቱ አንጠልጥሎ አሳየኝ።

«ይሄን አየኸው? ልጄን እዚህ ላይ ላስቀምጥ?»

«አንተ እኮ ዲኮር ሠራተኛ ነህ። በሁለት ቀን ታለብሰዋለህ።»

«ዳሽቦርዱንስ? ፀሐይ ሰነጣጥቆታል። ሰው ምን ይላል? የልክክ ልጅ እንዲህ ያለ መኪና ትነዳለች ይባል?»

መምህርቷ በረንዳቸው ላይ ቆመው ሁሉንም ይሰማሉ። «ልጄ፣ መኪናዋ እኮ ደህና ናት» አሉት በትሕትና። እሱ አመስግኗቸው ወጣ።

ሁለተኛዋ የደላላ መኪና ናት። ደላላው አላፊ አግዳሚውን ሁሉ «ወንድሜ» ብሎ ስለሚጠራ እኛም ወንድሜ ነው የምንለው፤ ወንድምነቱ ግን እስከ ኮሚሽኑ ብቻ ነው። ልክክ፣ ሚስቱና እኔ ሄድን። መኪናዋ ብርማ ናት፣ ረጅም ናት፣ ታብለጨልጫለች። ዋጋዋ ከትንሿ ቢጫ ያንሳል። ይሄ ብቻ አንድን ጤነኛ ሰው ለምን ብሎ ሊያስጠይቀው በተገባ ነበር። ሚስቱ በሩን ከፍታ ዘጋችና ድምፁን ሰምታ «ወፍራም ነው» አለች። «ወፍራም ድምፅ ያላት መኪና ጠንካራ ናት።» ይሄን ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ።

ልክክ ገብቶ ተቀመጠ። እጁን ዳሽቦርዱ ላይ አሳረፈና እንደ ልማዱ መዳበስ ጀመረ። ጣቱ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ጥጉ ላይ ደረሰ፣ ቆመ። ጎንበስ ብሎ አየ። እኔም በመስኮት አንገቴን አስግጌ አየሁ። ስፌቱ ጫፍ ላይ ሦስት ጊዜ ተመልሷል።

አሁን ይወርዳል ብዬ ጠበቅሁ። ሰው ከሆነ ይወርዳል። ከዚያ ቆዳ ሥር ምን እንዳለ በዓለም ላይ ከሱ የተሻለ የሚያውቅ ሰው የለም፤ በገዛ እጁ ነው የጠቀጠቀው። ልክክ ግን ፊቱ በራ። የጠፋ ዘመዱን ያገኘ ነው የመሰለው።

«የኔ እጅ ናት!» አለኝ በሹክሹክታ። «ሦስት ዓመት ሆናት፣ አየህ? አንድ ክር አልተነሳም። ፀሐይ አልሰነጠቃትም። ተመልከታት እስቲ!»

«ውስጡስ?»

«ውስጡን ተወው አንተ። ስፌቱን እይልኝ።»

ብዙ ዓይነት ሞኝ አይቻለሁ። ሌላው የሰው ውሸት አምኖ ይታለላል፤ ልክክ የራሱን ውሸት በገበያ ላይ አግኝቶ፣ ጥራቱን አድንቆ፣ ለልጁ ገዛት። ያ ሳይበቃው ዓይኑን በጨው አጥቦ ወንድሜን ወደ ጥግ ወሰደውና «ይቺን የሰፋኋት እኔ ነኝ፤ ውስጧ ባዶ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ቀንስ» አለው። ወንድሜ ደነገጠ፣ ቀነሰ። ባዶ በመሆኗ አስቀንሶ፣ ስፌቷ ያማረ በመሆኑ ተደስቶ ገዛት። ሁለቱ ነገሮች ጭንቅላቱ ውስጥ ሳይጣሉ እንዴት አብረው እንደተቀመጡ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እኔስ? ቁልፉን ለሙከራ ያዞርኩት እኔ ነኝ። ቀይዋ መብራት በራች፣ ጥቂት ቆየች፣ ጠፋች። የማን ሥራ እንደሆነች ለመጠየቅ አላስፈለገኝም። የልክክ ሚስት «ቀይዋ ምንድን ናት?» አለችኝ። «ጤነኛ ናት ማለት ነው» አልኳት። አፌን ሞልቼ ነው የመለስኩላት። ሰው ላይ እንዲህ ስፈርድ ራሴን እንደማልምር እወቁልኝ።

ስንመለስ ግን አላስቻለኝም። ሚስቱን ቤት ካደረስናት በኋላ ጀመርኩት።

«ልጅህ የጠየቀችህ አንድ ነገር ነው።»

«መኪናዋ ከባድ ናት። ከባድ መኪና ምን ይነካታል?»

«የሚመጣባት የጭነት መኪናስ ቀላል ነው?»

«ልጄ ቀስ ብላ ነው የምትነዳው።»

«ሌላውስ?»

 ይሄን ትቶ ሌላ ምክንያት አመጣ። «ደግሞ ቦርሳው ሲፈነዳ ፊት ያቃጥላል ይባላል። የሴት ልጅ ፊት ቢበላሽስ?» ውሃ የማይቋጥር ምክንያት መሆኑን ራሱም ያውቀዋል፤ ድምፁ ያሳብቃል።  «እነግራታለሁ» አልኩት።

ያኔ ዞር ብሎ አየኝ። «ንገራታ። መብራቷን ማን እንዳጠፋትም አብረህ ንገራት።»

አልነገርኳትም። ልክክ ሞኝ ነው እንጂ ደደብ አይደለም።

ልጅቷ መኪናዋን ስታይ አለቀሰች። የአባቷን ጉንጭ ሳመች፣ የእናቷን ሳመች፣ እኔንም ሳመችኝ። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ «ኤርባግ አላት አይደል?» አለች።

«ሁለት!» አለ ልክክ። በመዳፉም ዳሽቦርዱን መታ መታ አደረገው።

አምስት ወር አለፈ። በነዚያ አምስት ወራት ልክክን ያየ ሰው የሆዱን ማወቅ አያቅተውም ነበር። ልጁ የትም ልትወስደው ስትመጣ ከኋላ ነው የሚገባው። «ጉልበቴን ልዘርጋው» ይላል። ሚስቱንም ከኋላ ያስቀምጣታል፤ «ፊት ፀሐይ ይመታሻል።» ልጁን ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሞ «ከሠላሳ አትለፊ» ይላታል። በገንዘብ ያልገዛውን ነገር በምክር ሊገዛ። አንድ ቅዳሜ ደግሞ መኪናዋን አምጪያት አለና መሪው ላይ ወፍራም ስፖንጅ ጨምሮ በአዲስ ቆዳ ሰፋው። «ለመጨበጥ ይመቻታል» አለኝ ሳልጠይቀው። አንድ ጣት ውፍረት ባለው ስፖንጅ የጭነት መኪና ሊያስቆም ነው! ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አንጀቴን በላው። ሰውየው ይፈራል። በየማለዳው እየፈራ ነው የሚሸኛት፤ ግን አፍ አውጥቶ ከመናገር ፍርሃቱን እያለበሰ መስፋት ይቀለዋል። አዲሷ ባለ ሁለት መርፌ ማሽንም ከወር በፊት ገብታለች፤ መሪውን የሰፋው በሷ ነው።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ልጅቷ ሳይታሰብ ጋራዡ ገባች። የሥራ ልብሷን አላወለቀችም። መኪናዋን ግቢው መሃል አቁማ ወረደችና በቀጥታ ወደ አባቷ ሄዳ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ምነው እናቴ? ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም። ላመሰግንህ ነው የመጣሁት።»

ከዚያ ለሁላችንም ነገረችን። ጠዋት ጤና ጣቢያው አጠገብ አንዲት መኪና ከጭነት መኪና ጋር ተላትማለች። የፊቷ ክፍል እንዳለ ተጨማዷል። ሹፌሩ ግን ጆሮው እየጮኸ፣ አፍንጫው እየደማ፣ በእግሩ ሄዶ ገባ። ኤርባጉ ነው ያተረፈው።

«ሳክመው ምን አሰብኩ መሰላችሁ?» አለች። «አባዬ እኮ ጠይቄው አልነፈገኝም አልኩ። አንዳንዱ አባት ርካሹን ገዝቶ ዝም ይል ነበር።»

ባትላሜራው መዶሻውን አስቀመጠ። ቀለም ቀቢው ወደ ክፍሉ ገባ። መኪናዋ ከሦስት ዓመት በፊት በሁላችንም እጅ እንዳለፈች የማያውቅ ሰው ግቢው ውስጥ አልነበረም፤ ከሷ በስተቀር ማለቴ ነው። ልክክ መሬት መሬት ያያል።

«በል ና፣ ምሳ እጋብዝሃለሁ» አለችው፤ የፊተኛውንም በር ከፈተችለት።

ልክክ በሷ በኩል አልፎ የኋላውን በር ያዘ።

«አባዬ፣ ፊት።»

«ጉልበቴን ትንሽ…»

ጎንበስ ብላ የፊቱን ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሳበችው። «ይኸው፣ ዘርጋው።»

«ፀሐዩ ደግሞ…»

የፀሐይ መከለያውን አወረደችው። «ይኸው።»

ልክክ አልተነቃነቀም፤ እጁ የኋላ በር እጀታ ላይ ቀርቷል። ልጅቷ አዋላጅ ናት፤ ምጥ ይዟት «ደህና ነኝ» የምትል ሴት በየቀኑ ታያለች። ሰው የሚለውን ትታ ፊቱን ማንበብ ሥራዋ ነው። አባቷን አየችው፣ ዳሽቦርዱን አየችው። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና ኤርባግ አላት?»

ጫማዬን አየሁ። ልክክ ዓይኑን አፍጥጦ ይለምነኛል፤ ሳላየው ተሰማኝ።

«የላትም» አልኩ። «መብራቷን ያጠፋኋት እኔ ነኝ።»

ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ውሸቱ ደክሞኝ ነው።

አልጮኸችም። ወደ ልክክ ክፍል ገባችና የቆዳ መቁረጫውን ቢላ ይዛ ወጣች። ፊተኛው ወንበር ላይ በጉልበቷ ቆማ ቢላውን ዳሽቦርዱ ጥግ ላይ፣ ስፌቱ ላይ አሳረፈችው። ያን ጊዜ ልክክ ጮኸ፤

«ስፌቱን! ኧረ ስፌቱን!»

ግቢው ሁሉ ሰማው። ቢላው ከዳር እስከ ዳር ሄደ። እጇን ከታ ጎተተች፤ ቢጫ ስፖንጅ ወጣ። ደግማ ጎተተች፤ የብስኩት ካርቶን ወጣ፤ የሳቀ ሕፃን ሥዕል አለበት። ካርቶኑን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ፣ በሽተኛ እንደምትጠይቅ ቀስ ብላ ጠየቀችው፤

«ይሄን ስትሰፋ ማን ይቀመጥበታል ብለህ ነበር?»

ልክክ መለሰላት። ሊያጽናናት ፈልጎ ነው፣ በእውነት ሊያጽናናት ፈልጎ ነው፤

«ለሌላ ሰው ነበር እናቴ የሰፋሁት። ላንቺ አልነበረም።»

«ለሌላ ሰው» አለች።  ካርቶኑን ወንበሩ ሥር ወርውራ «ፊት ግባ» አለችው። «ቤት ላድርስህ። ጋሼ፣ አንተም ግባ።»

ገባን። ልክክ ፊት፣ እኔ ኋላ። ቀበቶዬን አሰርኩ፤ እጄ ከመቼ ወዲህ እንዲህ እንደፈጠነ አላውቅም። በአቋራጭ አልወሰደችንም፤ በጭነት መኪኖቹ መንገድ ዞረች። ከፊት አንድ ባለ ተሳቢ ሲመጣ ልክክ ሁለት እጁን ዘርግቶ የተቀደደውን ዳሽቦርድ ገፋ። ባለ ተሳቢው አለፈ፣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሌላ መጣ። ልክክ እንደገና ገፋ። ክንዱ እስከ ክርኑ ስፖንጁ ውስጥ ገብቷል።

«ቀስ በይ» አለ። «ቀስ በይ እናቴ፣ በእግዜር።»

«ሠላሳ ነው አባዬ።»

አንገቱን አስግጎ አየ። መርፌዋ ሠላሳ ላይ ናት።

«እኔ በየቀኑ ሰማንያ ነው የምሄደው» አለች። «ኤርባግ አለሽ ስላልከኝ።»

ልክክ ማልቀስ ጀመረ። ሳላሾፍ ነው የምነግራችሁ፤ ያን ያህል ዓመት ሳውቀው ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።  እሷ ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም።

ቤታቸው ደጃፍ ስትደርስ አቆመች። ሞተሩን አጠፋች፣ ቁልፉን ነቅላ አባቷ ጭን ላይ አስቀመጠችለት። ቦርሳዋን ይዛ ወረደች፤ በሩን ሳትዘጋው ጎንበስ አለች።

«ሽጣት አልልህም» አለችው። «ሌላ ሰው ይቀመጥባታል።»

ወደ ሚኒባስ መቆሚያው በእግሯ ሄደች። እሱም እኔም መንዳት እንችላለን። ቁልፉን ያነሳ ግን አልነበረም።